ካርታ አትሽጡልን፤ መዝገቡን አምጡልን

ሰሞኑን የውስጥ መስመሬ በድንጋይ ፎቶ ተጥለቅልቋል። ቀስት የተጫረበት ድንጋይ፣ መስቀል የሚመስል ስንጥቅ ያለበት ድንጋይ፣ ጎድጎድ ያሉ ሦስት ቀዳዳዎች ያሉት ድንጋይ። ከሥሩ ያለው ጥያቄ አንድ ነው፦ «መምህር፣ ይሄ ምልክት ወርቁን በየት በኩል ነው የሚያሳየው?» ታሪክ ስለማስተምር ነው መሰለኝ እኔን የሚጠይቁኝ። ከመንጌ ይጽፋሉ፣ ከሸርቆሌ ይጽፋሉ፣ ከሆሞሻና ከባምባሲም ይጽፋሉ።

ለእያንዳንዱ በተናጠል ከምመልስ እዚሁ በአደባባይ ልመልስ፦ በየትም በኩል አያሳይም። ጣሊያን የቀበረው፣ ሼሆቹ የደበቁት፣ ፓሻው ጥሎት የሄደ የሚባለው ወርቅ የለም። ያለን ሌላ ሀብት ነው፤ እሱንም በአካፋ እያጠፋችሁት ነው። ለምን እንዲህ እንደምል ታግሣችሁ አንብቡ፤ ረጅም ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ስለ ባህላዊ ወርቅ አምራቹ አይደለም የማወራው። ከወንዝ ዳር አፈር አውጥቶ፣ በገበቴ አጥቦ፣ ያገኘችውን ቅንጣት ሸጦ ልጆቹን የሚያሳድገው ሰው ክብር ይገባዋል። አያቴም እንዲሁ ነው ያሳደገችን። እኔ የምለው «ምልክት አንባቢ ነኝ» እያለ በቲክቶክና በቴሌግራም የሚያስተምረውን ነው። ኤሊ ካያችሁ በግራ ቆፍሩ፣ እባብ ካያችሁ ራሱ ወዳለበት ቆፍሩ የሚለውን። ካርታ የሚሸጠውን። ዲቴክተር እያከራየ ኪራዩን በቅድሚያ የሚቀበለውን፣ ከሚገኘውም ግማሹን በወረቀት የሚያስፈርመውን። እስቲ ልብ በሉ፤ ከዚህ ሁሉ ሰው ውስጥ ገንዘብ ሲቆጥር ያያችሁት ማንን ነው? አከራዩን ብቻ።

አሁን ወደ ወርቁ።

የግብፁ ገዥ መሐመድ ዓሊ ፓሻ እ.ኤ.አ. በ1820 ልጁን እስማኤልን ወደ ሱዳን ያዘመተው በዋናነት ለሁለት ነገር ነው፤ ለባሪያና ለወርቅ። ጦሩ ፋዞግሊን አልፎ ወደኛ ተራሮች ዘለቀ። አብሮት ፍሬደሪክ ካዮ የሚባል ፈረንሳዊ የማዕድን አዋቂ ነበረ፤ ያየውን ሁሉ ጽፎ አገሩ ሲመለስ አሳተመው። ፓሻው በዚህ አልረካም። በ1830ዎቹ መጨረሻ ዮሴፍ ሩሴገር የሚባል ኦስትሪያዊ ጂኦሎጂስት አስመጥቶ አካባቢውን አስጠናው። በመጨረሻም በ1838 ራሱ ከካይሮ ተነሥቶ፣ ዕድሜው ሰባ ሊሞላ ሲል፣ በዓባይ ሽቅብ ፋዞግሊ ድረስ መጣ። እንዳሰበው ሳይሆንለት ተመለሰ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። የኛ ወርቅ ክምር አይደለም፤ ቅንጣት ነው። በወንዝ አሸዋ ውስጥ የተበተነ፣ በነጭ ድንጋይ ጅማት ውስጥ የተሰነቀረ። በብዙ እጅ፣ በብዙ ቀን፣ በጥቂት በጥቂቱ ነው የሚወጣው። ጦር፣ መንግሥትና ጂኦሎጂስት የነበረው ፓሻ ክምር ካላገኘ፣ የሳምንት ኪራይ የተከፈለበት ዲቴክተር ያገኘዋል?

«ጣሊያንስ?» ትሉኛላችሁ። ይህን ወሬ በጣም ነው የምንወደው። ጣሊያን ሲሸሽ ወርቁን ቀብሮ፣ ድንጋይ ላይ ምልክት አድርጎ ሄደ ይባላል። እንግዲህ ታሪኩን ስሙ። ጣሊያን አገራችንን በወረረበት በዚያው ወቅት፣ ታኅሣሥ 1928 ዓ.ም.፣ የሙሶሊኒ መንግሥት የገዛ ሴቶቹን የጋብቻ ቀለበት ሰብስቧል። ንግሥቲቱ ኤሌና ሳይቀሩ የራሳቸውን አውልቀው ሰጥተዋል፤ ለሰጡት በምትኩ የብረት ቀለበት ነበር የሚታደላቸው። ለጦርነቱ ወርቅ አጥሮት የሚስቶቹን ጣት የፈተሸ መንግሥት ነው እንግዲህ አሶሳ ላይ ወርቅ በእንስራ ሞልቶ ጥሎ የሄደው? መጋቢት 1933 ዓ.ም. ከቤልጂግ ኮንጎ የመጡ አፍሪካውያን ወታደሮች አሶሳን ሲይዙ፣ ጣሊያን ጓዙን ሰብስቦ ነፍሱን ለማዳን ነበር የሚሮጠው። ድንጋይ ላይ ኤሊ የሚቀርጽበት ጊዜ አልነበረውም።

ታዲያ ወርቁ የት ገባ? ወጣ እኮ! በየዓመቱ፣ በየበጋው፣ በነጋዴ ጀርባና በአህያ ተጭኖ ወጣ። ከፊሉ በጀላባ ነጋዴዎች ወደ ሱዳን ሄደ። ከፊሉ በጨው ተለወጠ። ጣሊያናዊው የታሪክ ምሁር አሌሳንድሮ ትሪዩልዚ እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ቤላ ሻንጉል ባሳተመው መጽሐፍ ርዕስ ላይ ጨውና ወርቅን ጎን ለጎን ያስቀመጠው በከንቱ አይደለም። ከፊሉ ለቱርክና ለግብፅ መንግሥት ተገበረ። በ1890 ዓ.ም. ራስ መኮንን ዘምተው አገሩ በምኒልክ ግዛት ሥር ከገባ በኋላ ደግሞ ግብሩ አቅጣጫውን ቀይሮ ወደ አዲስ አበባ ወጣ። የአሶሳው ሼህ ኾጀሌ አል ሐሰን ለቤተ መንግሥቱ ወርቅ ሲገብሩ ኖሩ፤ አዲስ አበባም ላይ ግቢ ሠሩ። ዛሬ የከተማው ታክሲ ረዳት «ሸጎሌ! ሸጎሌ!» እያለ ሲጠራ የእሳቸውን ስም ነው የሚጠራው፤ አብዛኛው ተሳፋሪ ግን ይህን አያውቅም።

የወጣው ደግሞ ወርቅ ብቻ አይደለም። ሰውም ወጥቷል። ፓሻው ለባሪያ ነው የዘመተው፤ ከፓሻው በኋላም ለአሥርት ዓመታት ከዚህ ተራራ ሥር ሰው እየተፈነገለ ተሸጧል። በርታውም፣ ጉሙዙም፣ ማኦውም፣ ኮሞውም ይህን በቤቱ ያውቀዋል። አንዱ የገዛ አገሩን ወርቅ አጥቦ ለግብር ሰጠ፤ ሌላው ራሱ ግብር ሆነ። እዚህ ቁፋሮ ላይ የተሰማራው ወጣት «የአባቶቻችንን ወርቅ እየፈለግን ነው» ሲለኝ ለዚህ ነው ልቤ የሚደማው። አባቶችህ ወርቅ የሚቀብሩበት ዕድል ቢኖራቸውማ ምን ነበረበት!

አሁን ደግሞ ወደ ሌላው መከራከሪያችሁ ልሂድ። «በሌላው ዓለም ሰው ያገኛል» እያላችሁ የስፔንን የሰጠሙ መርከቦች ቪዲዮ ትልኩልኛላችሁ። ጥሩ። እንዲያውም እሱን ነው የምፈልገው። እነዚያ መርከቦች እንዴት እንደተገኙና ከተገኙ በኋላ ምን እንደሆነ አብረን እንይ።

አቶቻ የምትባለው የስፔን መርከብ ከአሜሪካ ቅኝ ግዛቶች ብርና ወርቅ ጭና ወደ ስፔን ስትመለስ እ.ኤ.አ. በ1622 ፍሎሪዳ አጠገብ በማዕበል ሰጠመች። ሜል ፊሸር የሚባል አሜሪካዊ ጠላቂ 16 ዓመት ፈለጋት። ፍለጋው እንደ ቪዲዮው ጨዋታ አልነበረም፤ በ1975 የፍለጋ ጀልባቸው ሌሊት ተገልብጣ ልጁ፣ የልጁ ሚስትና አንድ ሌላ ጠላቂ ሞተዋል። ብዙዎቹ ፈላጊዎች ዓመታቸውን የፈጁት ማተኩምቤ በሚባል ደሴት አካባቢ፣ ማለትም ፈጽሞ በተሳሳተ ቦታ ነበር። ትክክለኛውን ቦታ ያሳየው ጠላቂ አይደለም፤ ማሽንም አይደለም። ዩጂን ላየን የሚባል የታሪክ ተመራማሪ ነው። ስፔን፣ ሴቪያ ከተማ፣ የኢንዲስ መዝገብ ቤት ቁጭ ብሎ፣ ነቀዝ የበላውን ወረቀት እያገላበጠ፣ የድሮውን የስፔን እጅ ጽሑፍ እየፈታ፣ መርከቧ የማርኬሳስ ደሴቶች አጠገብ እንደሰጠመች የሚናገር ሰነድ አገኘ። ዋናው ጭነት በ1985 ወጣ።

ያ መዝገብ ቤት በ1785 የተቋቋመ ነው። ወደ 43,000 የሚጠጋ ጥራዝ፣ 80 ሚሊዮን ገጽ ገደማ ይዟል። መርከቧ ምን ጫነች፣ ማን ጫነው፣ ስንት ቀረጥ ተከፈለበት፣ የት ሰጠመች፣ ማን ተረፈ፤ ሁሉም ተጽፏል። የስፔንን መርከብ የሚፈልግ ሰው ከባሕር በፊት ወረቀት ውስጥ ነው የሚጠልቀው።

ሁለተኛዋን እንይ። መርሴዲስ የምትባለው የስፔን የጦር መርከብ በ1804 ፖርቱጋል አቅራቢያ በእንግሊዞች ተመትታ ሰጠመች። በ2007 ኦዲሴይ የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሳንቲም ከባሕር አውጥቶ በአውሮፕላን ፍሎሪዳ አደረሰ። «ያገኘሁት እኔ ነኝ፣ የኔ ነው» አለ። የስፔን መንግሥት ፍርድ ቤት ቀረበ፤ የባሕር ኃይል መዝገቡን ዘርግቶ «ይህች የኔ የጦር መርከብ ናት» ብሎ አስረዳ። በ2012 ያ ሁሉ ሳንቲም ተጭኖ ማድሪድ ገባ። በወረቀት የተፈለገው በወረቀት ተመለሰ። ልብ በሉ፤ ፔሩም «ሳንቲሙ የተመታው ከኛ ማዕድን፣ በኛ አገር ነው» ብላ ተከራክራ ነበር። አልተሰማችም።

ሦስተኛዋ ናት የኔ ጉዳይ። ሳን ሆሴ። በ1708 ወደ 600 የሚጠጉ ሰዎችን ይዛ፣ ከእንግሊዞች ጋር ስትዋጋ ካርታሄና ከተማ አጠገብ ሰጠመች፤ የተረፉት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ኮሎምቢያ በ2015 አገኘናት አለች። ያን ጊዜ ሁሉም ተነሣ። ኮሎምቢያ «በባሕሬ ነው ያለችው» አለች። ስፔን «የጦር መርከቤ ናት» አለች። አንድ የአሜሪካ ኩባንያ «ድሮ ቦታውን የጠቆምኩት እኔ ነኝ» ብሎ 10 ቢሊዮን ዶላር ጠየቀ። በዚህ ሁሉ መሐል ማንም ያልጠበቃቸው ሰዎች መጡ፤ ቃራ ቃራ የሚባሉ የቦሊቪያ ነባር ሕዝቦች። ያሉት ነገር አጭር ነው፦ በመርከቧ ላይ ያለው ብር ከፖቶሲ ተራራ የወጣ ነው። ከተራራው ውስጥ በግዴታ ሥራ ያወጡት የኛ አያቶች ናቸው። እኛም ድርሻ አለን።

ይህን ስሰማ አሶሳ ቁጭ ብዬ ፀጉሬ ነው የቆመው። ምክንያቱም በዚያ ክርክር ውስጥ የጫነው አለ፣ ያጓጓዘው አለ፣ የሰመጠበት አለ፣ ያገኘው አለ። የቆፈረው ግን 300 ዓመት ሙሉ አልነበረም። ቃራ ቃራዎች ስማቸውን ራሳቸው አስገቡ። የረዳቸውም መዝገቡ ነው። የትኛው አውራጃ ስንት ሰው ወደ ፖቶሲ ማዕድን እንደላከ ጨቋኙ ራሱ ጽፎ አስቀምጦታል።

የኛንስ ማን ጽፎታል? ተጽፏል ወገኖቼ፤ ተጽፏል! ግን በየሰው አገር ተበትኖ ነው ያለው። የፓሻው ዘመን ወረቀት ካይሮ ነው። የካዮና የሩሴገር መጽሐፍ በአውሮፓ ቤተ መጻሕፍት ነው። በ1881 እና በ1882 አካባቢያችንን በእግሩ የዞረው ሆላንዳዊው ሁዋን ማሪያ ሹቨር ማስታወሻው ተሰብስቦ በእንግሊዝኛ የታተመው ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1996 ነው። በሱዳን የነበሩ የእንግሊዝ ሹማምንት ስለ ድንበራችንና ስለ ሼሆቻችን የተጻጻፉት ወረቀት ከፊሉ ዳርሃም ዩኒቨርሲቲ፣ ከፊሉ ለንደን፣ ከፊሉ ካርቱም ነው። የአምስቱ ዓመት ወረራ ሰነድ ሮም ነው። ሌላው አዲስ አበባ፣ ወመዘክርና የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ውስጥ ነው።

ካርቱም ስል ዝም ብዬ እንዳልጠራሁት ይገባችኋል። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ እዚያ ጦርነት ነው። የሱዳን ብሔራዊ ሙዚየም ተዘርፏል። ስደተኞቹ ወንድሞቻችን በኩርሙክ በኩል ተሻግረው እኛው ጋ ነው ያሉት። የነሱ ቤት ሲቃጠል የኛም ታሪክ አብሮ ሊቃጠል እንደሚችል የሚያስብ ስንት ሰው አለ? እኛ ግን ድንጋይ ላይ ኤሊ እንፈልጋለን።

«አንተ ደመወዝ አለህ፤ ሥራ የሌለው ወጣት ወረቀት ይብላ?» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ሳላሾፍ ልመልስ። አዎ፣ ወረቀት ዛሬ ማታ ራት አይሆንም። ዲቴክተሩም አልሆነም! ልዩነቱ፣ ዲቴክተሩ ያለችህን ይወስዳል። ወረቀቱ ግን ነገ ጠረጴዛ ላይ ስትቀመጥ የምትናገረው ይሰጥሃል። በኩርሙክ ትልቅ የወርቅ ፕሮጀክት እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን፤ ዲሽ ተራራና አሻሽሬ የሚሉት ስሞች ከኛ ይልቅ የውጭ ባለሀብት አፍ ላይ ይበልጥ ተለምደዋል። ነገ ስለ መሬት፣ ስለ ካሳ፣ ስለ ቅጥር፣ ስለ ማኅበረሰብ ድርሻ ሲወራ «ይህ ወንዝ ላይ ከስንት ትውልድ ጀምሮ ማን ያጥብ ነበር?» ተብሎ ይጠየቃል። ያን ጊዜ «አያቴ ትነግረኝ ነበር» ከማለት ሌላ ምን ይዘሃል? በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባላል። የኛ የባሰ ነው፤ በእጃችን ያለውን አካፋ ነው ያነሣንበት።

ማጥፋታችሁ ደግሞ ምሳሌያዊ አነጋገር አይደለም። እዚሁ አሶሳ አካባቢ ቃባና ቤል ቁርቁሙ የሚባሉ የድንጋይ መጠለያዎች አሉ። በ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ የማድሪዱ ኮምፕሉቴንሴ ዩኒቨርሲቲ አርኪዮሎጂስቶች መጥተው ቆፍረዋቸዋል። አዎ፣ ስፔኖች፤ የነዚያ መርከቦች አገር ልጆች። ወርቅ አልፈለጉም። በብሩሽና በማንኪያ፣ አፈሩን በሴንቲ ሜትር እየለኩ፣ የድንጋይ መሣሪያና የሸክላ ስባሪ ነው የለቀሙት። ከዚያ ስባሪ ተነሥተው ሰው በዚህ ተራራ ሥር በሺህ የሚቆጠሩ ዓመታት መኖሩን ለዓለም ጻፉ። ይህ የሚታወቀው አፈሩ በተኛበት ከተገኘ ብቻ ነው። የታችኛው ወደ ላይ፣ የላይኛው ወደ ታች ከተዘበራረቀ በኋላ ማንም አርኪዮሎጂስት ሊያነበው አይችልም። የክልላችን ስም ራሱ ከድንጋይ የመጣ ነው ይባላል፤ ቤላ ሻንጉል፣ የሻንጉል ድንጋይ። በድንጋይ ስም የሚጠራ ሕዝብ ድንጋዩን ሲሰብር ማየት ያሳፍራል። የአባቶች መቃብር ላይ ማሽን የሚያዞረውን ግን ስም ላወጣለት አልችልም።

ሕጉንም ልንገራችሁ፤ በኋላ አልሰማሁም እንዳትሉ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋ ቁፋሮን ይከለክላል። ማዕድን ሲያወጣም ሆነ ቤት ሲሠራ ድንገት ቅርስ ያገኘ ሰው ማሳወቅ አለበት። «የተቀበረ የጥንት ወርቅ ነው የምፈልገው» ብሎ በቪዲዮ ራሱን የሚቀርጽ ሰው በገዛ አፉ ነው የሚመሰክረው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ሦስት ነገር እላለሁ።

አንድ፦ ዲቴክተር ለመከራየት ያሰባችሁትን ገንዘብ ተዉት፤ ስልካችሁ ይበቃል። ሂዱና አያቶቻችሁን ቅረጹ። በየትኛው ወንዝ ነበር የሚታጠበው? ወንዙን ምን ብለው ነበር የሚጠሩት? በክረምት ነው በበጋ? ለማን ነበር የሚሰጠው፣ በምን ይመዘን ነበር? በበርትኛ ይሁን፣ በጉሙዝኛ ይሁን፣ በማኦ ይሁን፣ በኮሞ ይሁን፣ በሽናሽኛ ይሁን፤ በራሳቸው ቋንቋ ይናገሩ። ወርቅ አጣቢዎቹ በአብዛኛው ሴቶች ነበሩና እናቶችን አስቀድሙ። የአንድ አሮጊት ሞት ለኛ እንደ አንድ መርከብ መስጠም ነው፤ ልዩነቱ የሷን ጭነት የመዘገበ ሴቪያ አለመኖሩ ነው።

ሁለት፦ አሶሳ ዩኒቨርሲቲና የክልሉ ባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤት በየአገሩ ያለውን ሰነድ ግልባጭ ይጠይቁ። ዋናውን መልሱ አላልንም፤ ግልባጩን ስጡን ነው የምንለው። ዛሬ ሰነድ በስልክ ፎቶ ይነሣል። ዳርሃም፣ ሮም፣ ካይሮ ደብዳቤ መጻፍ ምን ያህል ይከብዳል? የካርቱሙን ነገር ለሚያውቁ በስደት ላሉ ምሁራንም በራችን ክፍት ይሁን።

ሦስት፦ የተቆፈረ የድንጋይ መጠለያ ወይም መቃብር ካያችሁ ፎቶ አንሥታችሁ ለወረዳችሁ ባህል ጽሕፈት ቤት አድርሱ። ቦታውን በፌስቡክ አትለጥፉ፤ ለቆፋሪው ነው የምትጠቁሙት።

አንድ ቀን ስለዚህ ክልል ወርቅ ትልቅ ጠረጴዛ ላይ ይወራል። መንግሥት ይቀመጣል፣ ኩባንያ ይቀመጣል፣ ባንክ ይቀመጣል። የቆፈረው ሰው ልጅም ወንበር እንዲያገኝ የፈለገ፣ ከአሁኑ ማስረጃውን ይሰብስብ። ካርታ ሻጩ በዚያ ቀን አጠገባችሁ አይኖርም።

ይህን ጽሑፍ ዲቴክተር ሊከራይ ብር እያሰባሰበ ላለ ወንድማችሁ አድርሱለት። መሳደብ የፈለገ ይሳደብ፤ መከራከር የፈለገ ግን በማስረጃ ይምጣ፤ አስተያየት መስጫው ክፍት ነው።